ግቢያችሁ ለሚመጡ ወፎች ምን ታደርጋላችሁ? መጀመሪያ ውሃ፣ መጨረሻ እህል

መሀል አዲስ አበባ ላይ፣ አራት ኪሎም ይሁን ቂርቆስ፣ ትንሽዬ ግቢ እንኳ ካለቻችሁ ወፍ ይመጣል። ሳይነጋ ጫጫታው ይጀመራል። ቆርቆሮው ላይ እርግብ ይንጎራደዳል። ረጅም ምንቃር ያላቸው ጋጋኖዎች በቡድን ሆነው ሰፈሩን በጩኸት እየቀሰቀሱ ያልፋሉ። ለምደነዋልና ልብ አንለውም።

ልብ ልንለው ግን ይገባል። ጋጋኖ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጪ በዓለም ላይ የትም የለም። ማጅራቷ ላይ ነጭ ያላት ጠቆር ያለችው ግራጫ እርግብም እንዲሁ። አንዳንድ ግቢ ዛፍ ላይ የምትታየው፣ ምንቃሯ ቀይ፣ ጅራቷ አጭር የሆነች ትንሽ አረንጓዴ በቀቀንም የእነዚሁ የሁለቱ አገሮች ብቻ ናት። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የደጋ ወፎች ደጃችን ድረስ ይመጣሉ። የውጭ አገር ሰው ብዙ ከፍሎ ሊያያቸው የሚመጣውን እኛ ጥርሳችንን እየፋቅን እናየዋለን።

አሮጌ ግቢዎች ሲፈርሱ ዛፉም፣ አጥሩ ላይ የተጠመጠመው ሐረግም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ የቀረችው እያንዳንዷ ግቢ፣ የኮንዶሚኒየም በረንዳም ጭምር፣ ለወፎቹ ትልቅ ነገር ናት።

ወፍ መርዳት ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው እህል መበተን ነው። እኔ ተራውን እገለብጠዋለሁ። መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ተክል፣ ከዚያ ግቢው ውስጥ ያለውን አደጋ ማንሳት። እህል የመጨረሻው ነው። ቢቀርም ግድ የለም።

1. በመጀመሪያ ማን እንደሚመጣ እዩ

ምንም ከመግዛታችሁ በፊት ጥቂት ቀን ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ። የወፉን ስም ማወቅ ግዴታ አይደለም። ምንቃሩን እዩ። አጭርና ወፍራም ምንቃር ያለው እህልና የሣር ፍሬ በል ነው። ድንቢጦች እንዲህ ናቸው። ከዓይኗ በላይ ነጭ መስመር ያላት፣ ቡናማ፣ ሰው የማትፈራ፣ ካፌ ጠረጴዛ ስር ፍርፋሪ የምትለቅመው ትንሽዬ ወፍም ከእነሱ ወገን ናት። ቀጭንና ቀጥ ያለ ምንቃር ያለው ነፍሳት አዳኝ ነው። ቀጭንና ወደ ታች የታጠፈ ከሆነ የአበባ ማር የሚቀስም ነው። ከአይጥ የማይተናነስ ረጅም ጅራት ያላቸው፣ ራሳቸው ላይ ጉትዬ ያበጠሩ ቡናማ ወፎች በቡድን መጥተው ኮካችሁንና ለጋ ቅጠላችሁን ከበሉ ደግሞ ፍሬ በሎች ናቸው።

ይህን ማየት የሚጠቅመው ለዚህ ነው፦ ግቢያችሁ የሚመጡት አብዛኞቹ ነፍሳት አዳኝና አበባ ቀሳሚ ከሆኑ እህል ብትበትኑ ምንም አታደርጉላቸውም። ከመስከረም እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ትንንሽ ወፎችም አሉ። ከእነሱም ብዙዎቹ ነፍሳት በል ናቸው።

2. ውሃ

ከሁሉም በላይ ውጤት የምታዩበት ይሄ ነው። ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ዝናብ ይጠፋል፤ አቧራው ይነሳል። ወፍ የሚጠጣው ብቻ ሳይሆን ላባውን የሚያጥብበት ውሃም ያስፈልገዋል። ላባው በአቧራ የተያዘ ወፍ በደንብ አይበርም፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድም ይጎዳዋል። እህል የማይበሉትም ወፎች ውሃ ፍለጋ ይመጣሉ።

ዕቃው ዝርግ ይሁን። ጥልቀቱ ጠርዙ ላይ 2 ሴንቲሜትር፣ መሀሉ ላይ ቢበዛ 5 ሴንቲሜትር ይበቃል። የአበባ ማሰሮ ከስሩ የሚቀመጥበት የሸክላ ሳህን ለዚህ የተሠራ ይመስላል። ሸክላው ሻካራ ስለሆነ እግራቸው አይንሸራተትም። ያላችሁ የፕላስቲክ ወይም የብረት ሳህን ከሆነ ታጥቦ የተጣራ ጠጠር አልብሱት፤ መሀሉ ላይ ጀርባው ከውሃው የሚወጣ ድንጋይ አስቀምጡ። ትንንሾቹ እዚያ ላይ ቆመው ነው የሚጠጡት። ንቦችም ይጠቀሙበታል።

ቦታው ወሳኝ ነው። ወፍ ሲታጠብ ላባው ስለሚርስ በቶሎ መነሳት አይችልም። ድመት ይህን ጠንቅቃ ታውቃለች። ስለዚህ ሳህኑን ቁጥቋጦ ስር አትሸጉጡት። ከቁጥቋጦው 2 ሜትር ያህል ራቅ አድርጉት። ድመቷ ተደብቃ እንዳትዘል ይበቃል፤ ወፉም ሲደነግጥ በአንድ ትንፋሽ ቅርንጫፍ ውስጥ ይገባል። ከመሬት ከፍ ብሎ ብሎኬት ወይም ግንድ ላይ ቢቀመጥ ደግሞ ይሻላል።

በፈረቃ ውሃ የሚያገኝ ሰው ለወፍ ውሃ ማባከን ሊከብደው ይችላል። አንድ ሳህን ግን ከሁለት ብርጭቆ ብዙም አይበልጥም። ሩዝ ወይም ጎመን የታጠበበት፣ ሳሙናና ጨው ያልነካው ውሃ ይሆናል። በየቀኑ፣ ካልሆነም በየሁለት ቀኑ ደፍታችሁ ቀይሩ። አሮጌውን አበባ ስር አፍሱት፤ ምንም አይባክንም። ውሃው ቶሎ ቶሎ ከተቀየረ የወባ ትንኝም ሆነ ሌላ ትንኝ አይፈለፈልበትም። አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር መያዝ ሲጀምር በብሩሽ ፈትጉት።

ሳህኑን ባስቀመጣችሁ ማግስት ወፍ ካልመጣ አትተዉት። መጀመሪያ አንዷ ደፋር ትመጣለች። ጠርዙ ላይ ቆማ ግራ ቀኝ ታያለች፣ ትጎነበሳለች፣ ምንቃሯን ሞልታ አንገቷን ወደ ሰማይ ቀና አድርጋ ትውጣለች። እርግብና ዋኔ ግን እንዲህ አያደርጉም። ምንቃራቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው ሳያነሱ ይመጥጣሉ። ሌሎቹ ከሩቅ እያዩ ይማራሉ።

3. ተክል

እህል ከገበያ ስትገዙ አንድ ዓይነት ወፍ ትመግባላችሁ። ትክክለኛ ተክል ስትተክሉ ግን አበባውን አንዱ፣ ፍሬውን ሌላው፣ ቅጠሉ ላይ ያለውን ትል ሦስተኛው ይበላል። ትልቅ ግቢ አያስፈልግም።

አንድ ብቻ ምረጡ ብባል ራስ ክምርን እመርጣለሁ። በየመንገዱ ዳር፣ በየሜዳው የሚበቅለው፣ ረጅም ዘንጉ ላይ ብርቱካንማ አበባው ድቡልቡል ሆኖ ደረጃ በደረጃ የሚደረደረው ነው። ዘሩን በነፃ ታገኙታላችሁ፤ ዝናብ ሲጀምር ብትበትኑት ያለ ብዙ እንክብካቤ ይወጣል። ሲያብብ አበባ ቀሳሚዎቹ ይመጣሉ። ከእነሱ ዋናው ስሙን ከተከዜ ወንዝ ያገኘው ወፍ ነው። ወንዱ ጥላ ውስጥ ሲቀመጥ ከሰል የመሰለ ጥቁር ነው። ፀሐይ ላይ ሲወጣ ግን ደረቱ ሐምራዊ፣ ራሱ ወደ ነሐስ የሚወስድ አብረቅራቂ ቀለም ያወጣል። ከጅራቱ መሀል ሁለት ረጃጅም ላባዎች ይወጣሉ። አበባው ላይ ተንጠልጥሎ ምንቃሩን ሲያስገባ አበባው ግንባሩን በብናኙ ይቀባዋል። እሱም ወደሚቀጥለው ይዞት ይሄዳል። ሴቷ ያን ያህል አታምርም፤ አመድማ ናት፤ ግን እሷንም ፈልጓት። ቀሳሚዎቹ ማር ብቻ አይደለም የሚበሉት፤ ጫጩቶቻቸውን ሸረሪትና ትንንሽ ነፍሳት ነው የሚመግቡት።

እሬት በረንዳ ላለው ሰው የተመቸ ነው። ማሰሮ ውስጥ ይኖራል፣ ውሃ ብዙ አይጠይቅም፣ ቀይና ብርቱካንማ አበባውን ሲያወጣ ወፉ አራተኛ ፎቅም ቢሆን ያገኘዋል። ቦታ ያለው ኮርች ይትከል። ኮርች የአገራችን የብቻ ዛፍ ነው፤ ቀይ አበባው ከሩቅ ይጣራል። እንደ አጥር በቅርንጫፉ ስለሚተከልም ቶሎ ይይዛል። ለፍሬ በሎቹ ወይራና ጽድ፣ ለአጥር ቀጋና አጋም ጥሩ ናቸው። ቀጋና አጋም እሾህ ስላላቸው ድመትም ሌባም አይደፍራቸውም። ወፍ ጎጆ ለመሥራት ይህን አጥብቆ ይፈልጋል። ግራዋ ካላችሁ አትቁረጡት። አበባው ነፍሳት ይሰበስባል።

መሬቱንም እንዳለ ተዉት። አንድ ጥግ ላይ የረገፈ ቅጠል ሳይጠረግ ይቆይ። ምንቃሯ ብርቱካንማ የሆነ ጠቆር ያለች ወፍ መጥታ ቅጠሉን ወዲያና ወዲህ እየወረወረች ከስሩ ትል ስታወጣ ታያላችሁ። ጋጋኖም ሣር ላይ ሲያርፍ ረጅሙን ምንቃሩን እየሰካ ሲሄድ ሣሩን የሚያበላሽ ይመስላል። የሣር ሥር የሚበላውን ትል እየለቀመላችሁ ነውና አታባርሩት። ሣሩን ሁሌ ከስሩ አታጭዱ፤ አንድ ዳር ላይ ፍሬ እስኪይዝ ብትተዉት ድንቢጦቹ ያለ እናንተ ወጪ ይበላሉ።

4. አደጋውን አንሱ

ይህን ክፍል ዝለሉት የሚያሰኝ ፈተና አለ። ደስ የሚል ሥራ አይደለም። ግን ወፍ ወደ ግቢ ጠርታችሁ አደጋ ላይ ከጣላችሁት ባትጠሩት ይሻል ነበር።

በርሜልና ሮቶ። ክዳን የሌለው በርሜል ውስጥ ውሃ ሊጠጣ የገባ ወፍ ጎኑ ስለሚያንሸራትተው መውጣት አይችልም፤ ይሰጥማል። ክዳን ይኑረው። ክዳን ከሌለ ወንፊት ወይም ሽቦ ወጥሩበት። ያም ካልተገኘ ከውስጥ እስከ አፉ የሚደርስ ሻካራ እንጨት ጣሉበት፤ ይዞ ይወጣል።

መስታወት። አሁን በከተማችን የሚገጠመው አንጸባራቂ መስታወት ዛፍና ሰማይ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ወፉ እውነተኛ ዛፍ መስሎት በሙሉ ፍጥነት ይገባበታል። ከውስጥ መጋረጃ መሳብ ጥቂት ይረዳል፤ ነጸብራቁ ግን ከውጭ ነው ያለው። ስለዚህ ምልክቱም ከውጭ በኩል ይሁን። በነጭ ቀለም ወይም በተጣባቂ ወረቀት ነጠብጣብ አድርጉበት፣ ወይም ከላይ ወደ ታች ገመዶች አንጠልጥሉ። በምልክቶቹ መሀል ያለው ክፍተት ከ5 ሴንቲሜትር አይብለጥ። መሀሉ ላይ አንድ የጭልፊት ሥዕል መለጠፍ ብዙም አይሠራም፤ ሥዕሉን አልፎ ጎኑን ይመታዋል። የውሃ ሳህኑንም ሆነ የእህሉን ቦታ ወይ ከመስኮቱ ከ1 ሜትር ባነሰ ርቀት፣ ወይ ከ10 ሜትር በላይ አድርጉት። በጣም ቅርብ ሲሆን ፍጥነት ሳይይዝ ስለሚመታ አይጎዳም፤ ሩቅ ሲሆን ደግሞ መስኮቱ አያምታታውም።

አንዳንድ ወፍ የመኪና ስፖኪዮ ላይ ቆሞ መስታወቱን ሲደበድብ ይውላል። ሌላ ወንድ ወፍ ክልሉ የገባበት መስሎት ነው። ይደክማል፣ መብላትም ይተዋል። መኪናው ሲቆም ስፖኪዮውን በፌስታል ሸፍኑት፤ ጠቡ ያበቃል።

የአይጥ መርዝ። ከአይጥ መርዞች አንዳንዱ እህል ላይ የተቀባ ነው፤ ወፍ እህል መስሎት ይለቅመዋል። የተመረዘ አይጥ የበላ ጉጉትም ይሞታል። ጉጉት ደግሞ ከየትኛውም መርዝ የተሻለ አይጥ አዳኝ ነው። አይጥ ካስቸገራችሁ ወጥመድ ተጠቀሙ፤ ቆሻሻውን ክደኑ። አትክልት ላይ የሚረጭ ፀረ ተባይም እንዲሁ ነው። ትሉን ገድላችሁ ትል በሉን ወፍ ልትጠብቁ አትችሉም። የሳሙና ውሃ ለክሽክሽ በቂ ነው።

ድመት ካላችሁ ማለዳና አመሻሽ ላይ ቤት ትዋል፤ ወፎቹ መሬት ላይ የሚበዙት ያኔ ነው። ክርና ሰው ሠራሽ ፀጉርም አትጣሉ። ሰፈራችሁ ልብስ ሰፊ ወይም የፀጉር ቤት ካለ የእርግቦቹን እግር ተመልከቱ። ክሩ ተጠምጥሞ ጣታቸውን ቆርጦ ያስቀረባቸው ብዙ ናቸው። ሲጠረግ የሚሰበሰበውን ክር በከረጢት ቋጥሮ መጣል ነው መፍትሔው። ለባለቤቱ በጨዋ ደንብ ብትነግሩት እሺ ይላል።

የሰፈር ልጆች ወንጭፍ ይዘው ቢመጡ ደግሞ ከመቆጣት ይልቅ ጠርታችሁ የውሃ ሳህኑን አሳዩአቸው። ውሃ የመቀየሩን ሥራ የተሰጠው ልጅ ለወፎቹ ጠበቃ ይሆናል።

5. እህል መስጠት ከፈለጋችሁ

ማሽላ፣ ዳጉሳ፣ የስንዴ ስብርባሪ፣ ቤት ውስጥ ጤፍ ሲበጠር የሚወጣው ግርድ ጥሩ ነው። ጠዋት አንድ እፍኝ ይበቃል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ተለቅሞ ማለቅ አለበት። ካላለቀ በዝቷል ማለት ነው፤ በማግስቱ ቀንሱ። የተረፈው ማታ አይጥ ይጠራል።

የማይሰጠውን ማወቅ ከሚሰጠው ይበልጣል። ወጥ የነካው እንጀራ ጨውና በርበሬ አለበት፤ አይሆንም። ዳቦ ትንሽ ፍርፋሪ አይገድልም፤ ግን ሆድ ይሞላል እንጂ አያጠነክርም። የሻገተ ዳቦ ግን ሳንባቸውን ይጎዳል፤ በፍጹም አትስጡ። አቮካዶ ለወፍ መርዝ ነው። ጁስ ቤት ያላችሁ፣ ትርፍራፊውን ውጭ አትድፉ። ቸኮሌት፣ ቡናና ወተትም አይሰጡም። ነቀዝ መድኃኒት የገባበት እህል፣ ለዘር ተብሎ በኬሚካል ታሽቶ ቀለም የተቀባ ምርጥ ዘርም ለወፍ አይቀርብም። ለአበባ ቀሳሚዎች ስኳር በውሃ በጥብጦ ማስቀመጥንም አልመክርም። ቶሎ ይቦካል፣ ጉንዳን ይሰበስባል። እሬቱ ይበልጣል።

ወፎች አንድ ቦታ ሲሰበሰቡ በሽታም ይሰበሰባል። የእህሉን ሰሌዳና የውሃውን ሳህን በሳምንት አንድ ጊዜ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጣችሁ እጠቡ፣ ደጋግማችሁ አለቅልቁ፣ ፀሐይ ላይ አድርቁ። ዶሮ የምታረቡ ከሆነ የዶሮዎቹ መብልና ውሃ ከዱር ወፎቹ ጋር አይገናኝ። ፈንግል የመሰለ በሽታ ከአንዱ ወደ ሌላው እንዲህ ነው የሚዘዋወረው። ያበጠ ዓይን ያለው ወይም ተኮራምቶ ሰው ሲጠጋው የማይሸሽ ወፍ ካያችሁ እህል መስጠት ለሁለትና ለሦስት ሳምንት አቁሙ። ይበተኑ።

6. ጎጆ

ዛፍ ወይም አጥር ከመከርከማችሁ በፊት ውስጡን እዩ። በተለይ ዝናቡ ሲገባና ካለፈ በኋላ ብዙ ወፍ ጎጆ ይሠራል። አንዲት ወፍ ሣር ወይም ትል ይዛ ወደ አንድ ቦታ ስትመላለስ ካያችሁ እዚያ ጎጆ አለ። ጫጩቶቹ እስኪወጡ ከርከማውን አቆዩት። የትንንሽ ወፎች ጫጩት ብዙውን ጊዜ ከተፈለፈለ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ይወጣል።

ቀዳዳ ውስጥ ለሚፈለፍሉት የእንጨት ሳጥን መሥራት ይቻላል። ቀለም ያልተቀባ ሻካራ ጣውላ፣ የመግቢያ ቀዳዳው 3 ሴንቲሜትር ተኩል ገደማ፣ ወለሉ ላይ ውሃ የሚያወጡ ትንንሽ ቀዳዳዎች። ከፊቱ መቆሚያ እንጨት አትግጠሙ፤ የሚጠቅመው ለቁራና ለድመት ነው። ሦስት ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ከቀትር ፀሐይና ከሚገፋው ዝናብ አዙራችሁ ስቀሉት። የደረቀ ግንድ ካላችሁና ሰው ላይ የሚወድቅ ካልሆነ አትቁረጡት፤ ግንደ ቆርቁር የሚቦረቡረው እሱን ነው፤ ቀዳዳውን በኋላ ሌሎች ይወርሱታል።

7. ወድቆ ወይም ተጎድቶ ካገኛችሁ

ላባ ያወጣ፣ የሚዘል ግን በደንብ የማይበር ጫጩት መሬት ላይ ካገኛችሁ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አልሆነም። መብረር እየተማረ ነው። ወላጆቹ ቅርብ ናቸው። ድመት ካለ ብቻ አንስታችሁ ቁጥቋጦ ላይ አድርጉት። ላባ የሌለው ከሆነና ጎጆው ከታያችሁ መልሱት። ሰው የነካውን እናቱ ትተወዋለች የሚባለው ልክ አይደለም። መልሳችሁ ግን ራቁ፤ አጠገቡ ከቆማችሁ ልትመጣ አትችልም። ወተት ወይም ዳቦ በአፉ አትጨምሩ፤ ውሃም በግድ አታንጠባጥቡ፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል።

መስኮት መትቶ የደነዘዘውን በስስ ጨርቅ ያዙት። አየር ማስገቢያ የተበሳ ካርቶን ውስጥ አድርጉ፣ ክደኑት፣ ጸጥ ያለ ቦታ አስቀምጡት። ጨለማው ያረጋጋዋል። እየከፈታችሁ አታስቸግሩት። ከአንድ ወይም ሁለት ሰዓት በኋላ ካርቶኑን ደጅ አውጥታችሁ ክፈቱ፤ ከነቃ ራሱ ይሄዳል። ክንፉ የተሰበረ ከሆነ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት። በርከት ያሉ ወፎች በአንድ ጊዜ ሞተው ካገኛችሁ በባዶ እጅ አትንኳቸው፤ ልጆችንና ዶሮዎችን አርቁ፤ ለወረዳችሁ የእንስሳት ጤና ባለሙያ አሳውቁ።